እኩል ይሁን ያልኩ ሰሞን

ሰው የወጣትነት ስህተቱን ሲያስብ አንዱን ፍቅር፣ ሌላውን መጠጥ ትዝ ይለዋል። እኔን ትዝ የሚለኝ ፎቶ ኮፒ ነው። በአንድ ጎኗ የደበዘዘች፣ ቀለም ያለቀባት አንዲት ፎቶ ኮፒ። እሷን ባላነብ ኖሮ ላሊበላ ውስጥ ያሉ ጥቂት ደግ ሰዎችና አንድ ጡት የሚጠባ ሕፃን ለአንድ ሳምንት ያህል ፍዳቸውን አያዩም ነበር።

አሁን የምሠራው ደላንታ፣ ወገል ጤና ከተማ ነው፤ በአንድ መሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ክፍል። ሥራዬ ባጭሩ የሰው የፈቃድ ማመልከቻ ተቀብሎ ማስተላለፍ ነው። ከሰዓት በኋላ ባለጉዳይ ሲጠፋና የደላንታ ብርድ በመስኮቱ ስንጥቅ መግባት ሲጀምር፣ ኮቴን ደርቤ ያቺን የላሊበላ ሆቴል አስባለሁ።

አሥራ ሁለት ክፍል ነበራት። ከበረንዳዋ ሲታይ የላስታ ሸንተረር አንዱ በአንዱ ላይ እየተደረበ እስከ አድማስ ይሄዳል። እንግዳው እሱን እያየ ፈዝዞ ቁርሱን ይረሳል፤ ወጥ ሠሪያችን የሺም እንቁላሉ ቀዘቀዘ ብላ ከተራራው ጋር ትጣላለች። ባለቤቷ እትዬ ደብሪቱ ነበሩ። ሆቴሏን ከባላቸው ጋር ድንጋይ በድንጋይ የሠሯት፣ ባላቸው ካረፉ በኋላ ብቻቸውን የያዟት ሴት ናቸው። ሠራተኞቹ አራት ነን። እኔ እንግዳ ተቀባይ፣ የሺ ወጥ ሠሪ፣ ሙሉነሽ ክፍል የምታጸዳና አንሶላ የምታጥብ፣ አያ ደስታው ደግሞ ዘበኛ። ዘበኛ ስላችሁ ግን ሌባ የሚያስደነግጡ ሰው እንዳይመስሏችሁ። አንድ ጊዜ ሊሰርቅ አጥር የዘለለ ሰው ቢያገኙ «እግርህን ተጎዳህ?» ብለው መጀመሪያ ውሃ የሰጡ ናቸው።

ነገሩ የተጀመረው በሠርግ ነው። አብሮ አደጌ አደራው ኩልመስክ ላይ ሊያገባ ሆነ። እኔና አደራው አንድ ደብተር ለሁለት ቀደን የተማርን ሰዎች ስለሆንን አንደኛ ሚዜው እኔ ነኝ። ሠርጉ የተቆረጠው ገና በዋለ በሦስተኛው ቀን ነው። እኔም ጸጉሬን አበጥሬ እትዬ ደብሪቱ ዘንድ ቀረብኩ።

«እትዬ፣ ከገና ማግስት ጀምሮ አራት ቀን ፈቃድ ፈልጌ ነበር።»

«በገና ሰሞን?»

«ሚዜ ነኝ።»

«አንተ ሚዜ ስትሆን እንግዳውን ማን ይቀበል? ሌላ ጊዜ ሚዜ ትሆናለህ።»

ሌላ ጊዜ ሚዜ ለመሆን አደራው ሌላ ሚስት ማግባት አለበት። ቢሆንም እውነታቸውን ነው። በገና ላሊበላ ውስጥ እንኳን ክፍል፣ የሚቆሙበት ቦታም አይገኝም። ቅሬታዬን ዋጥ አድርጌ ወጣሁ። በማግስቱ ግን አያ ደስታው ጋቢያቸውን እያጣጠፉ፣ «እትዬ ይስጣቸው፣ ዘንድሮም ሦስቱን ቀን ለቀቁኝ» አሉኝ።

አያ ደስታው በየዓመቱ ከገና በፊት ሦስት ቀን ይለቀቃሉ። የሰፈራቸው ማኅበር ከሩቅ አገር በእግሩ ተጉዞ የሚመጣውን ምእመን እግር ያጥባል። ይህን ከልጅነታቸው ጀምሮ ሲሠሩት የኖሩ ናቸው። እኔም አውቃለሁ፤ አምና ካቻምናም አይቻለሁ። ዘንድሮ ግን የሚዜነት ጫማ ገዝቼ ያስቀመጥኩ ሰው ስለነበርኩ ነገሩ ሌላ መሰለኝ። ለእሳቸው የሚፈቀድ ለእኔ የሚከለከል? ሁለታችንም ሠራተኞች አይደለንም?

አንድ አስጎብኚ ወዳጄ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ፎቶ ኮፒ ነበረው። ተዋስኩት። ብዙ ማንበብ አላስፈለገኝም፤ አሠሪ በሠራተኞቹ መካከል ልዩነት ማድረግ እንደሌለበት የሚናገረውን ቦታ ወዲያው አገኘሁት። ከዚያ ቀጥሎ ያለው መስመር ቀለም አልያዘም፤ እንደ ጉም ብን ብሎ ጠፍቷል። እኔም ዋናውን ካገኘሁ የጠፋው ምን ያደርግልኛል ብዬ በእስክሪብቶ አሰመርኩበት። ያኔ በርቀት ማኔጅመንት የምማር የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነበርኩ። ሰው የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሲሆን የማያውቀው ነገር ያለ አይመስለውም።

ወረቀቱን እትዬ ፊት ዘረጋሁት።

«እትዬ፣ በሕግ አምላክ፣ ሠራተኛ ሁሉ እኩል ነው። ለአንዱ ሰጥተው ለሌላው መከልከል አይችሉም።»

መነጽራቸውን አደረጉ፤ ያሰመርኩበትን ቦታ በጣታቸው ተከተሉ።

«ይኼ ሕግ ነው?»

«የጸደቀ አዋጅ ነው።»

«እስከ ዛሬ ሕግ ስጥስ ነበራ የኖርኩት» አሉና መነጽራቸውን አወለቁ። በድምፃቸው ፌዝ አልነበረም። ያስፈራኝ እሱ ነው። «በል እንግዲህ፣ እኔ ከመንግሥት ጋር አልጣላም። ሰኞ ሁላችሁም እንድትሰበሰቡ።»

ሰኞ ስንሰበሰብ እኔ ድል ያደረገ ሰው መስዬ ከፊት ተቀመጥኩ። እትዬ ከሒሳብ ደብተር ላይ የቀደዱትን ወረቀት አወጡና ማንበብ ጀመሩ። ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም እኩል ነው። ሁሉም ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ይገባል፣ ሁሉም አሥራ አንድ ሰዓት ይወጣል። መካከል ላይ ከግቢ መውጣት የለም። በገና ሰሞን ፈቃድ ለማንም የለም። ሁሉም አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳል። ሥራውም በየተራ ነው፤ አንዱ ሁልጊዜ ወንበር ላይ፣ ሌላው ሁልጊዜ ምድጃ ላይ ከሆነ እኩል አይደለምና።

«ሙሉነሽ ስትቀር» አሉ። «እሷ ከአንሶላዋ ጋር ትቆይ።»

ሙሉነሽ አንገቷን ደፍታ ሰማች። እኛ የየራሳችንን ተራ እየቆጠርን ወጣን።

የልብሱ ነገር ከሁሉ በፊት ደረሰ። እትዬ በገበያ መንገድ ላይ ላለ ልብስ ሰፊ አራት ጥቁር ሰደርያና አራት ቀይ ክራቫት አዘዙ። ልክ እንዲወስድ ቢጠይቃቸው «እኩል አድርገህ ስፋ» አሉት። ሰውየው የታዘዘውን የሚፈጽም ባለሙያ ስለሆነ አራቱንም በራሱ ልክ ሰፋቸው። እሱ ደግሞ ወፍራም ነው። የእኔ ሰደርያ ውስጥ እኔና አንድ ሌላ እንግዳ ተቀባይ እንገባለን። የሺ ክራቫቷ ወጡ ውስጥ እየገባ ሲያስቸግራት ወደ ጀርባዋ አዞረችው። አያ ደስታው ክራቫቱን በጋቢያቸው ላይ አሰሩት፤ ለደብር የተሳለ ጃንጥላ መስለው በር ላይ ቆሙ።

ከዚያ ተራው መጣ። ማክሰኞ ወጥ ቤት የእኔ ነበር። ሽሮ ሠራሁ። ማለትም ሽሮ፣ ውሃና እሳት አገናኘሁና የሚሆነውን ቆሜ ተመለከትኩ። ለሁለት ባልና ሚስት የሆኑ ሽማግሌ ፈረንጆች ቀረበላቸው። ባልየው ማንኪያውን ቢያቆመው ቀጥ ብሎ ቆመለት። በጣም ጨዋ ሰዎች ነበሩ፤ ጥቂት ቀመሱና ፎቶ አነሱት። አገራቸው ሄደው ምን ነው ብለው እንደሚያሳዩት ዛሬም አላውቅም።

ያን ዕለት እንግዳ መቀበያው ላይ የተቀመጡት አያ ደስታው ነበሩ። እኔ በሽሮው ጭስ መካከል በበሩ ክፍተት አያቸዋለሁ። ስልክ ጮኸ። በሁለት እጃቸው አነሱት።

«ቤቶች» አሉ፣ በስልኩ ውስጥ እንደሚገቡ ሁሉ። ቀጥለው ዝም ብለው ሰሙ። «ክፍል? አለ። የማን ልጅ ነህ? … አይ፣ አባትህ የየት አገር ሰው ናቸው ማለቴ ነው። … ቡግና? የቡግና ማን? … ኧረ እኔ አውቃቸዋለሁ። ታዲያ ዘመድ እያለህ ሆቴል ምን ልትሠራ ትገባለህ? እኔ ቤት ሰፊ መደብ አለ።»

ለገና አምስት ሆነው ክፍል ሊይዙ የደወሉ ሰዎች ነበሩ። አምስቱም አያ ደስታው ቤት ሊያድሩ ተስማሙ። እትዬ ይህን ሲሰሙ ግንባራቸውን ያዙ፤ ግን ሰውየውን አልተቆጡም። «ሕጉ ነው» ብለው ገቡ።

እስከዚህ ድረስ እስቃለሁ። የማልስቀው ከዚህ በኋላ ባለው ነው።

የሺ የሰባት ወር ልጅ ነበራት። ቤቷ ከሆቴሏ ጀርባ ስለሆነ በፊት አራት ሰዓትና ስምንት ሰዓት ላይ እየሄደች አጥብታው ትመለስ ነበር። ማንም ፈቃድ ብሎ ጠርቶት አያውቅም፤ ዝም ብሎ የሚሆን ነገር ነበር። አሁን መካከል ላይ መውጣት ስለሌለ እናቷ ሕፃኑን አዝላ እየመጣች በር ላይ ትቆማለች። የሺ ምድጃ ላይ ትሆናለች፤ ሕፃኑ ይጮኻል። እትዬ ይወጡና ሕፃኑን ተቀብለው በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። «አይዞህ የእኔ ጌታ፣ ሕግ ሆኖብኝ ነው» ይሉታል። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። እኔ ያን ሰፊ ሰደርያዬን ለብሼ መዝገብ የማገላብጥ እመስላለሁ።

የሺ ለሁለት ቀን አላናገረችኝም። በሦስተኛው ቀን ምሳዬን ስታስቀምጥልኝ፣ «ለመሆኑ እኔ ምን አድርጌህ ነው?» አለችኝ። ዓይኔን ከሳህኑ ሳላነሳ በላሁ።

አያ ደስታው ደግሞ አንድ ጠዋት በሩን ለቀው መጥተው አጠገቤ ቆሙ። ክራቫታቸውን ነካኩ።

«ልጄ፣ ያ ወረቀት ስለ እግር ማጠብ የሚለው ነገር ይኖር ይሆን?»

«የለም፣ አያ።»

«እሺ።»

ብቻ ይህን ብለው ተመለሱ። ቢሰድቡኝ ምን ነበረበት።

የእኔም ቀን ደረሰ። ቅዳሜ ጠዋት ደብተሬን ይዤ እየሮጥኩ ስወጣ እትዬ በር ላይ አገኙኝ።

«ወዴት ነው?»

«ፈተና አለኝ፣ እትዬ። ዘወትር ቅዳሜ እኮ እሄዳለሁ።»

«የሺም ልጅ አላት። አልሄደችም።»

እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ለሦስት ዓመት ቅዳሜ ቅዳሜ ስወጣ ኖሬ፣ አንድም ቀን ይህ ለእኔ ብቻ የተሰጠ ነገር ነው ብዬ አስቤ አላውቅም። ቅዳሜን ሙሉ የሺ አትወጣም፣ ሙሉነሽ አትወጣም፣ አያ ደስታው አይወጡም። በእኔ ቅዳሜ የእኔን ቦታ የሚይዙት እትዬ ራሳቸው ነበሩ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት ግን በኋላ ነው፤ ያን ሰዓት የታየኝ ያመለጠኝ ፈተና ብቻ ነበር። ሰኞ ምሳ ሰዓት ላይ፣ መውጣት ቢከለከልም፣ በጓሮ አጥር ዘልዬ ወደ ወረዳው የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሄድኩ። የዘለልኩት ያ ሌባ በዘለለበት በኩል ነው። አያ ደስታው አዩኝ፤ ዓይናቸውን ወደ ተራራው አዞሩ።

ቢሮው ውስጥ አንዲት ጎልማሳ ባለሙያ ቆሎ እየበላች ነበር። የመጣሁበትን ከመጀመሪያው ጀምሬ ነገርኳት። ቆሎውን አቆመች።

«ልድገመው። መጀመሪያ ሁሉንም እኩል አድርጊ አልካት። አሁን ሁሉንም እኩል ስላደረገች ልትከሳት መጣህ።»

እንደዚያ ሲባል ጥሩ አልመሰለም።

ከመደርደሪያው ላይ አዋጁን አወረደች። የሷ የታተመ ነው፤ መስመሩ ሁሉ ይነበባል። እኔ ያሰመርኩበትን ቦታ አገኘችና ቀጥሎ ያለውን፣ ከእኔ ወረቀት ላይ ብን ብሎ የጠፋውን፣ ቀስ ብላ አነበበችልኝ። አሠሪው ልዩነት እንዳያደርግ የተከለከለው በዘር፣ በጾታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳትና በመሳሰሉት ምክንያት ነው።

«ሁሉንም አንድ ዓይነት አድርገህ ያዝ አይልም» አለች። «ለሚያጠባ ሰው ሰዓት መስጠት፣ ለሚማር ቅዳሜን መልቀቅ፣ ይኼ አድልዎ አይደለም። ምክንያት አለው። የዓመት ፈቃድም ቢሆን አሠሪው የሥራውንም ሁኔታ የሠራተኛውንም ፍላጎት አይቶ ነው የሚያወጣው። የሚያስጠይቀው ሰውን በማንነቱ ከሥራ ወይም ከዕድል ሲያርቁት ነው። እንደዚያ የሆነ አለ?»

«የለም። እትዬ እንደዚያ ያሉ ሰው አይደሉም» አልኩ በኩራት።

በሩን ከፍቼ ስወጣ፣ በመንገዱ ማዶ አንዲት ሴት እያነከሰች የውሃ ጄሪካን ይዛ ስትወጣ አየሁ። ሙሉነሽ አልነበረችም። ግን ሙሉነሽም እንደዚያ ነው የምትሄደው፤ በሕፃንነቷ ታማ አንድ እግሯ አጭር ሆኖ ቀርቷል። እዚያው ቆምኩ። ሁላችንም ተራ በተራ እንግዳ ስንቀበል፣ አያ ደስታው እንኳ ዘመዳቸውን ሁሉ በስልክ ሲጋብዙ፣ አንዲት ሰው ብቻ ስትቀር ምንም አልመሰለኝም ነበር። ሙሉነሽ ከሁላችንም የተሻለ እንግሊዝኛ ትናገራለች። በሆቴል ሥራ ሰልጥና የምስክር ወረቀት አላት። አንሶላ ስታሰጣ ከእንግዶች ጋር ስታወራ ስንት ጊዜ ሰምቻታለሁ።

ስመለስ እትዬ በረንዳው ላይ የየሺን ልጅ ታቅፈው አገኘኋቸው። አጥር መዝለሌን ነገርኳቸው፣ ቢሮ መሄዴን ነገርኳቸው፣ የጠፋውን መስመር ነገርኳቸው።

«ታዲያ ያላነበብከውን ለምን አነበብኩ ብለህ አመጣህልኝ?» አሉ። «እኔስ አንተ የተማርክ ነህ ብዬ ነው።»

ያ ነገር እስከ ዛሬ ይሰማኛል። ቢሆንም ከጀመርኩ ልጨርስ ብዬ ስለ ሙሉነሽ አነሳሁ። ሕጉ በእርግጥ የሚከለክለው ይኼን ነው አልኳቸው። ፊታቸው ተለወጠ።

«እኔ እኮ ሰው ሁሉ እያያት እንዳትሳቀቅ ብዬ ነው» አሉ።

«ጠይቀዋት ያውቃሉ?»

ሕፃኑን እንደታቀፉ ሙሉነሽን ጠሯት። እጇ አረፋ እንደሆነ መጣች።

«እንግዳ መቀበሉን ትፈልጊዋለሽ እንዴ?»

ሙሉነሽ መጀመሪያ እሳቸውን፣ ቀጥሎ እኔን አየች። «ሁለት ጊዜ አመልክቼ ነበር» አለች። «አንዱን ለእርስዎ በቃል ነው የነገርኩዎት፤ ሳቅ ብለው አለፉ። ሁለተኛውን ጽፌ ለእሱ ሰጠሁት።»

እሱ ማለት እኔ ነኝ። ትዝ አለኝ። ወረቀቱን ተቀብዬ መሳቢያ ውስጥ ከእንግዶች አስተያየት መዝገብ ሥር ከትቼው ነበር። ሄጄ አወጣሁት። አልታጠፈ፣ አልተነበበ። እትዬ ተቀብለውኝ እስከ መጨረሻው አነበቡት፤ ከዚያ ለሙሉነሽ፣ «ጥፋቱ የእኔ ነው» አሏት። ጌታ የሆነ ሰው ለሠራተኛው እንደዚያ ሲል የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው። እኔም የእኔ ነው አልኩ፤ ግን ከእሳቸው በኋላ ስለሆነ ክብደት አልነበረውም።

በማግስቱ ሰደርያዎቹ ተሰበሰቡ። የሺ ወደ ልጇ መሄድ ጀመረች። ሙሉነሽ ከጎኔ ተቀምጣ ሥራውን በአራት ቀን ያዘችው። ለአንሶላው የሺ የአክስቷን ልጅ አመጣች። እትዬም አንድ ቀን ሙሉነሽ ከአንድ ተቆጪ እንግዳ ጋር ስታወራ ቆመው ሲያዳምጡ ቆዩና ወደ እኔ ዞረው፣ «ሚዜነትህ መቼ ነበር ያልከኝ?» አሉኝ።

የገና ዋዜማ ጠዋት እትዬ ለአያ ደስታው ማኅበር ዳቦ አስይዘው ላኩኝ። መንገዱ በነጭ ለባሽ ተሞልቷል። ማኅበርተኞቹ በመንገዱ ዳር ገበቴ ደርድረው፣ የሚመጣውን ሁሉ እያስቀመጡ እግሩን ያጥባሉ። አያ ደስታው እጅጌያቸውን ሰብስበው በርከክ ብለዋል። ዳቦውን አስረክቤ ልሄድ ስል እጄን ያዙኝ።

«ተቀመጥ።»

«እኔ መንገደኛ አይደለሁም፣ አያ።»

«ከነገ ወዲያ ኩልመስክ ትሄድ የለም? ተቀመጥ፣ ሰው ወረፋ ይጠብቃል።»

ያን አዲስ የሚዜ ጫማ እያለማመድኩት ነበር፤ አወለቅኩት። ከእኔ በፊት አንድ ከራያ የመጡ አዛውንት፣ ከእኔ በኋላ አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ነበረች። አያ ደስታው ማንነቴን እንደረሱ ሁሉ፣ እንደ ሌላው እያደረጉ አጠቡኝ፤ ተረከዜን፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ። ይቅርታ ልላቸው አፌን ከፈትኩ።

«ውሃው ቀዘቀዘብህ?» አሉኝ።

«የለም» አልኩ።

ሠርጉ ላይ ጨፈርኩ፤ አደራውም ጨዋ ሚስት አገባ። ስመለስ እንግዶቹ ሁሉ «ሙሉነሽ የለችም?» ማለት ጀምረው ነበር፤ እኔ ሻንጣ ወደማቀበል ዝቅ አልኩ። ያመለጠኝን ፈተና በቀጣዩ ዓመት ደግሜ ወሰድኩ። ትምህርቴን ስጨርስ እንግዳ የጠፋበት ክፉ ዘመን ነበርና ሥራ ፍለጋ ወጣሁ። እትዬ በዚያ ሁሉ ጊዜ ማንንም አላሰናበቱም፤ እኔም እስክወጣ ድረስ ያለውን ሽሮ አብረን እየበላን ቆየን። አያ ደስታው አምና አረፉ። ሆቴሏን አሁን የምታስተዳድራት ሙሉነሽ ናት።

ባለፈው ሳምንት እትዬ ደወሉልኝ።

«እዚያ አገር ብርዱ እንዴት ነው? ትበላለህ?»

«እበላለሁ፣ እትዬ።»

«ፈቃድ ሰጪው አንተ ነህ አሉ። ለራስህ ስጥና ናና።»

«ተቀባይ ነኝ እንጂ የሚፈርመው ሌላ ሰው ነው።»

«እንግዲያው ጻፍ» አሉና ዘጉት።

ጻፍኩ። ቅጹ ላይ «ምክንያት» የሚል ባዶ መስመር አለ። ሰው እዚያ ላይ ሐዘን፣ ሕክምና፣ ሠርግ እያለ ይሞላል፤ እኔም ብዙ ቆየሁ። አዋጁን ከፈትኩ። አሁን ያለኝ የታተመው ነው፤ የጠፋ መስመር የለውም። የእኔን ምክንያት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ፈልጌ አጣሁት፤ ሆኖም «ናፍቆት» ብዬ ጽፌ አስገባሁ።

አለቃዬ አንብቦ ቀና ብሎ አየኝ። ፈረመበት።